ወፍጮው በማን እጅ ቆመ

አዲስ አበባ፣ በርበሬ በረንዳ
መስከረም 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሀብተ ወልድ፣
ሽቱትጋርት፣ ጀርመን አገር

ልጄ ሀብቴ፣ ለጤናህ እንዴት ከረምክ? አገሩስ፣ ትምህርቱስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ለመድኃኔ ዓለም ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነኝ፤ የታመመው ወፍጮዬ ነው።

ባለፈው ዓመት «እትዬ፣ የጀርመን ሞተር ይግዙ፣ ያኮራዎታል» ብለህ ጻፍክልኝ፤ ገዛሁ። እውነትም አኮራኝ። የበርበሬውን፣ የሽሮውንና የጤፉን ወፍጮ አንድ ላይ ሲያዞር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ከሲኒማ ራስ ማዶ ያሉ ሴቶች ሳይቀሩ በርበሬያቸውን በኩሊ አሸክመው እኔ ዘንድ መምጣት ጀመሩ። ታዲያ ከሐምሌ ወዲህ ይኸው ሞተር፣ ሰው ተሰልፎ እያለ፣ የኤሌክትሪኩን ባልቦላ ያቃጥልና ቀጥ ይላል። አዲስ ባልቦላ ሲገባለት ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ጥቂት ቀን ሰንብቶ ደግሞ ያምጻል።

እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም፤ አንድ በአንድ ሞከርኩ። ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ አርጅቷል ብዬ አዲስ ባስገባም ቆመ። የበርበሬው እርጥበት ነው ብዬ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ በቅጡ ያልደረቀ በርበሬ ጠዋት ባስፈጭ ምንም አልሆነም። ሦስቱ አንድ ላይ ሲዞሩ ከብዶት ነው ብዬ ጠዋት ሦስቱንም ባስነሳ እንደ ውሃ ፈሰሰ።

እንግዲህ የቀረው ሰው ነው። ጠዋት ወፍጮውን ይዞ የሚፈጨው የክርስትና ልጄ ቦጋለ ነው፤ ከቀትር በኋላ አሸብር። ታስታውሰዋለህ፣ ባለቤቴ ባሻ ኃይሌ ነፍሳቸውን ይማርና ከመሞታቸው በፊት የቀጠሩት ረጅሙ የመንዝ ሰው። ሞተሩ በቦጋለ እጅ አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም፤ ሁልጊዜ በአሸብር እጅ ነው። ምን ሆነ ብዬ ስጠይቀው «እንጃ እትዬ» ከማለት በቀር መልስ የለውም። የበረንዳው ሰው ግማሹ ዓይነ ጥላ አለበት ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ሌላ ወፍጮ ቤት በጉቦ ይዞታል ይላል።

ላሰናብተው ወስኛለሁ። ነገር ግን የተማርከው አንተ ነህና «ጥፋቱ የሰውየው ነው» ብለህ አንድ ቃል ጻፍልኝ፤ ልቤ ይረፍ። መልስህን እጠብቃለሁ። የሚመጣ ሰው ካገኘሁ በርበሬ እልክልሃለሁ።

በሄድክበት ሁሉ ሞገስ ይስጥህ።

አክስትህ ውባንቺ

⁂

ሽቱትጋርት
ጥቅምት 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ውባንቺ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን እስማለሁ። ዘመኑን የሰላምና የገበያ ያድርግልዎ። እኔ ብርዱን ከመልመዴ በቀር ደህና ነኝ።

እትዬ፣ «ጥፋቱ የሰውየው ነው» ብዬ አልጽፍልዎትም፤ አላውቅምና። ዘንድሮ ለልምምድ የተመደብኩት በአንድ ፋብሪካ የማሽን መፈተኛ ክፍል ነው። እዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ያስተማሩኝ እርስዎ የሠሩትን ስህተት ነው፤ አይቀየሙኝ፣ እኔም ሠርቼዋለሁ። አንድ በአንድ እየሞከሩ «ይህ ንጹህ ነው፣ ያም ንጹህ ነው» ብለው አሰናበቱ። ሁለት ጨዋ ሰዎች ግን ለየብቻቸው ሲሆኑ ምንም አይወጣቸውም፣ ጠላ ቤት አብረው ሲገቡ ነው የሚደባደቡት። ማሽንም ብዙ ጊዜ የሚቆመው በአንድ ነገር ሳይሆን ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው።

እኔ አጠገብዎ ብሆን ዛሬ አንዱን ሞክረን ነገ በመልሱ ሌላውን እንሞክር ነበር። በደብዳቤ እንዲህ ብንል ግን እስከሚመጣው መስቀል አንጨርስም። ስለዚህ ፈተናውን በሙሉ አስቀድሜ ነድፌዋለሁ። የጠረጠሯቸው አራት ናቸው፦ የሚፈጨው ሰው፣ የበርበሬው እርጥበት፣ ቺንጋው፣ የሦስቱ ወፍጮ አንድ ላይ መዞር። ሁሉንም በየዓይነቱ እናገናኝ ካልን አሥራ ስድስት ቀን ይፈጃል፤ ደንበኛ ይሸሽዎታል። በጥንቃቄ ከተደረደሩ ግን በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ቢያንስ አንዴ ይገናኛል። የቀኖቹን ድርድር በሌላው ወረቀት ላይ ይመልከቱ። ስድስተኛው ቀን የሦስተኛው ቀን ድጋሚ ነው፤ ለምን እንደሆነ መልሱ ሲመጣ እነግርዎታለሁ።

ሞተሩ የሚቆመው ያን ጊዜ ነውና ሁሉም ከቀትር በኋላ ይሁን። ቦጋለ ቢያጉረመርምም በተራው ከሰዓት ይግባ። ከእነዚህ ሌላ የሚጠረጥሩት ነገር ካለ ግን ሳይጀምሩ ይጻፉልኝ፤ ያልተጻፈ ነገር አይፈተንም።

እስከዚያው አሸብርን እንዳያሰናብቱት አደራ እላለሁ። የበርበሬውንም ነገር አይርሱብኝ፤ የዚህ አገር ምግብ ምራቅ እንኳ አያስውጥም።

ልጅዎ ሀብተ ወልድ

⁂

በርበሬ በረንዳ
ኅዳር 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ልጄ ሀብቴ፣ የኅዳር ጽዮን ከነጓደኞችህ ትጠብቅህ። እኔ ደህና ነኝ።

ወረቀትህን ሠራተኞቹን ሰብስቤ እንደ አዋጅ አነበብኩላቸው። ቦጋለ እንዳልከው አጉረመረመ። አሸብር አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «እትዬ፣ ስሜ የተጻፈው ከቺንጋው በፊት ነው በኋላ?» አለ። በፊት ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራው ሄደ።

በዓላቱን እየዘለልን እንዳዘዝከው አንድም ሳናጓድል ስድስቱን ቀን ፈተንን። ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ያይ ነበር፤ «የውባንቺ ሞተር ፈተና ተቀመጠ» እያሉ ሲያሾፉብኝ ሰነበቱ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን ቆመ! በማን እጅ ብትል፣ በቦጋለ። እርጥብ በርበሬ ገብቶ፣ ቺንጋው አዲስ ሆኖ፣ የበርበሬው ወፍጮ ብቻውን እየዞረ። ቦጋለ «እኔ ምንም አልነካሁም!» እያለ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ደህና ዋለ። በስድስተኛው ቀን፣ ማለትም ዓርብ፣ ሦስተኛውን እንዳለ ደገምነው፤ ያው ቦጋለ፣ ያው እርጥብ በርበሬ፣ ያው ቺንጋ። ሲፈጭ ዋለ! ትን እንኳ አላለውም።

እንግዲህ ሞተርህ ያላግጥብናል። ሌላ የምጠረጥረው የለኝም። ፋብሪካው አንድ መሐንዲስ ይልክልኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ። ሠራተኞቹ ደህና ናቸው።

አክስትህ ውባንቺ

⁂

ሽቱትጋርት
ታኅሣሥ 8 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ውባንቺ፣

ሰላምታዬ ከበረዶው ማዶ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬም ደገምኩት፤ ከዚያ ሳቅኩ። ሞተሩ አላላገጠም፤ እንደዚህ ግልጽ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም!

ስድስተኛውን ቀን ያስገባሁት ለዚሁ ነበር። ሁለት ቀን በሁሉ ነገር አንድ ሆኖ መልሱ ከተለያየ፣ ቀኖቹ አንድ አልነበሩም ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን የነበረ፣ በዓርቡ ቀን ያልነበረ አንድ ነገር አለ፤ እሱም እርስዎ ከላኩልኝ ውስጥ የለም። መሐንዲስ ቢላክ ከእርስዎ የበለጠ አያይም። ዙሪያዎን ይመልከቱ፤ በግቢው፣ በመስመሩ፣ በጎረቤት።

ሌላውም ትልቅ ወሬ አሸብር ነው። ጥፋቱ የእጁ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ በቦጋለ እጅ አይቆምም ነበር። ነገሩት? ምን አለ? እኔን ደስ ያለኝን ያህል እሱንም ደስ እንዳለው አልጠራጠርም።

መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ። የላኩልኝ በርበሬ ደርሶኛል፤ ሌላ ግን ለጊዜው ይተዉት፤ ቤት ያከራየችኝ ሴትዮ ሽታው መጋረጃዋ ውስጥ ገባ ብላ አኩርፋኛለች።

ልጅዎ ሀብተ ወልድ

⁂

ሽቱትጋርት
ጥር 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ውባንቺ፣

እንደምን ሰነበቱ? ገና አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ፤ ከእርስዎ አንድ መስመር አልመጣልኝም። ታመው ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ባለፈው በርበሬውን ባመጣልኝ ያገር ልጅ በኩል ሳጠያይቅ ግን ደህና እንደሆኑ፣ ቤተ ክርስቲያን እንዳዩዎት ነገሩኝ። ታዲያ አስቀየምኩዎት ይሆን? በጎረቤት ይመልከቱ ማለቴ አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሆኖም ሥራውን አላቋረጥኩም። አዲስ ድርድር አብሬ ልኬያለሁ። የተደበቀውን አምስተኛ ነገር «ያልታወቀው» ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ስሙን እርስዎ ይሙሉበት። ፈተናው ይበዛብኛል ብለው እንዳይፈሩ። ሁሉንም ለማገናኘት የሚፈጀው ቀን ከአሥራ ስድስት ወደ ሠላሳ ሁለት ቢያድግም ድርድሩ የሚጨምረው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከአምስት ወደ ስድስት። የዚህ ትምህርት ውበቱ ይኸው ነው፣ እኔንም ያሰረኝ።

አሸብርስ? ስለ እሱ ምንም አልጻፉልኝም።

ልጅዎ ሀብተ ወልድ

⁂

በርበሬ በረንዳ
የካቲት 28 ቀን 1957 ዓ.ም.

ልጄ ሀብቴ፣ ሁዳዴውን በሰላም ያስጨርስህ። አልታመምኩም፣ አልተቀየምኩህምም። የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው። ልክ ነው ያልከው፤ የተውኩት ነገር ነበር።

ሙህዲንን ታውቀዋለህ፤ ከእኔ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰነው፣ የቆርቆሮ ሳጥንና የብረት በር የሚሠራው ጎረቤቴ። ባሻ የሞቱ ጊዜ ሱቁን ዘግቶ፣ ድንኳኑን በገዛ እጁ የተከለልኝ ሰው ነው። እሱ ብየዳ ሲጀምር የእኔ አምፖል ደብዘዝ እንደምትል ባለፈው ክረምት አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ። አንተ «የሚጠረጥሩት ካለ ይጻፉልኝ» ስትለኝ ብዕሬ ስሙ ላይ ሲደርስ ቆመብኝ። እንዲህ ያለ ጎረቤት በተጠርጣሪ ደንብ ይጻፋል? ነውር ነው ብዬ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ለአንድ አዲስ ፎቅ የመስኮት ብረት ሲበይድ ውሎ ነበር። ዓርብ ግን ከጁምዓ ሶላት በኋላ አልከፈተም።

አዲሱ ወረቀትህ ሲመጣ «ያልታወቀው» የሚለውን እያየሁ ብዙ ቀን ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ጋቢዬን ለብሼ ገባሁበትና ሁሉንም ነገርኩት። ይቀየማል ብዬ ነበር፤ ተቀየመም፣ ግን እኔ ባሰብኩት አይደለም።

«ቆይ እስቲ እትዬ ውባንቺ፣» አለኝ መነጽሩን አውልቆ፣ «አሸብርን ጽፈው እኔን የተዉኝ፣ እኔ ከአሸብር የምበልጥ ሰው ነኝ? እኔን ካፈሩኝ እሱን ለምን አላፈሩትም?»

 ወዲያውም ወረቀቱን ተቀብሎኝ «በሉ ጻፉኝ! በኔ ማሽን የቆመ ከሆነማ እኔም ማወቅ አለብኝ» አለ። እኔ ብዕር እስክፈልግ ቆርቆሮ በሚያሰምርበት እርሳሱ ስሙን ራሱ «ያልታወቀው» ላይ ጻፈበት። በፈተናው ቀን በይድ ስንለው የሚበየድ ብረት ባይኖረው እንኳ የተጣለ ብረት ለቅሞ በየደ። ተው ስንለው ደንበኛ እያባረረ ተቀመጠ። የበረንዳው ሰው በዚህኛው ፈተና አላሾፈም፤ እየተወራረደ ነበር።

መልሱ እንዲህ ነው። እርጥብ በርበሬና የሙህዲን ብየዳ በተገናኙበት ቀን ሁሉ ቆመ። እርጥብ በርበሬ ብቻውን አላቆመውም፣ ብየዳውም ብቻውን አላቆመውም። ቺንጋውም፣ የሦስቱ አብሮ መዞርም፣ ሰውም የለበትም። ሁልጊዜ ከሰዓት የሚቆመው ሴቶቹ በርበሬውን ጠዋት ብቻ ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ በቅጡ ሳይደርቅ ከቀትር በኋላ ስለሚያመጡት፣ ሙህዲንም ጠዋት ቆርቆሮ ሲቆርጥ አርፍዶ ከሰዓት ስለሚበይድ ነው። አሁን ብየዳውን ወደ ጠዋት አዙሮታል፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ባልቦላ አልተቃጠለም። ልጄ፣ ኮርቼብሃለሁ። ሰው ሁሉ ይስማልኝ እያልኩ ነው የማወራው።

አሸብርን ጠይቀኸኛል። እኔ አላሰናበትኩትም። የፊተኛው ፈተና ያለቀ ዕለት ወሬ ይነግሩኛል ብሎ ሲጠብቅ አመሸ፤ እኔ ነገሩ ስላልጠራልኝ ዝም አልኩት። በማግስቱ ቁልፉን ለቦጋለ ሰጥቶ ሄደ፤ ያኔ «ሠራተኞቹ ደህና ናቸው» ያልኩህ አፍሬ ነው። አሁን ሰባተኛ ሰፈር፣ አንድ ወፍጮ ቤት ይሠራል። በዚህኛው ፈተና በእሱ ፋንታ ብርሃኔ የሚባል አዲስ ሠራተኛ ነው የገባው።

አክስትህ ውባንቺ

⁂

ሽቱትጋርት
መጋቢት 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ውባንቺ፣

ሰላምታዬን ከደስታዬ ጋር ይቀበሉኝ። ደብዳቤዎን ለመምህሬ ተረጎምኩላቸው። ድርድሩን ከነመልሱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈው ለክፍሉ አስተማሩበት። ብየዳው ሲጀምር የመስመሩ ጉልበት ይወርዳል፤ እርጥብ በርበሬ የያዘው ሞተር ደግሞ ያን ጊዜ ይታገላል፣ ሲታገል ብዙ ይስባል፣ ባልቦላው አይችለውም። አንድ ተማሪ «ፈተናውን ያካሄደው መሐንዲስ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። «አክስቴ ናቸው፣ በርበሬ ያስፈጫሉ» አልኩት። አጨበጨቡ። እኔ በዚህ አገር እንደዚያ ቀን ደረቴን ነፍቼ አልሄድኩም።

አሁን ግን የምጽፈው ከባድ ነው፤ ልጅነቴን አይተው ይታገሡኝ። አሸብርን ፈተናው ነጻ ያወጣው በኅዳር ነው። እኔ ያንን ለእርስዎ ጻፍኩ፤ እርስዎ ለእሱ አልነገሩትም። ስሙ ሲነበብ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ስሙ ሲጸዳ የሰማ ግን የለም። እዚህ አንድ የማሽን ክፍል ከፈተና በኋላ ደህና መሆኑ ከታወቀ «አልፏል» የሚል ማኅተም ይመታበታል፤ ማኅተም ያልተመታበትን ማንም አይገዛውም። የአሸብርን ማኅተም እኔ ከዚህ ሆኜ ልመታው አልችልም።

ከድፍረት አይቁጠሩብኝ። በእርስዎ ስለምኮራ ነው።

ልጅዎ ሀብተ ወልድ

⁂

በርበሬ በረንዳ
እሑድ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ልጄ ሀብቴ፣ ለብርሃነ ትንሣኤው በጤና ያድርስህ።

የላክኸውን ሳነብ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ቂጡን እኔ ያጠብኩት ልጅ ይመክረኝ ጀመር አልኩ። ካስቀደስኩ በኋላ ግን ንዴቱ ወጣልኝና እፍረቱ ብቻ ቀረ።

ቦጋለን ላክሁት። አሸብር «ሥራ አለብኝ» ብሎ መለሰው። ሙህዲን ልሂድ አለና ሄደ። ሻይ ጋብዞ፣ አክብሮ፣ «ጋሼ ሙህዲን፣ ስሜን ያነበቡት እርስዎ አይደሉም» ብሎ ሸኘው። እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ትናንት ቅዳሜ ለፋሲካ የተዘጋጀ በርበሬዬን በኩሊ አሸክሜ ሰባተኛ ሄድኩ። አዎ፣ የሰው ወፍጮ ቤት! የራሷ ሦስት ወፍጮ ያላት ውባንቺ እንደማንኛዋም ሴት ተሰለፈች። የሚያውቁኝ እየተጠቃቀሱ ሳቁ። አንዷ «እትዬ፣ ሞተርዎ ዛሬም ቆመ እንዴ?» አለችኝ። ሞተሬማ እንደ ጉድ ይሠራል አልኳትና ተራዬን ጠበቅኩ።

አሸብር ገና ስገባ አይቶኛል፤ ቀና አላለም። ተራዬ ሲደርስ ዱቄት የለበሰ ፊቱን አዙሮ ቆመ።

«አሸብር፣ ሞተሩን የሚያቆመው የአንተ እጅ አልነበረም» አልኩት፣ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

«ማን አለ?»

«ፈተናው አለ።»

«ፈተናውማ በኅዳርም ብሏል፤ ቦጋለ ነግሮኛል። እርስዎስ?»

  ባሻ ይህን ሰው ሲቀጥሩት «ታማኝ ነው» ብለውኝ ነበር፤ እኔም ያንን አውቅ ነበር። እያወቅኩ ጎረቤቴን ሸፍኜ እሱን ከቺንጋ ጋር ጻፍኩት።

«እኔም እላለሁ፣» አልኩት። «አንተ ንጹህ ነህ። ስምህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ መንገር ሲገባኝ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እዚህ ሰው ፊት ይቅር በለኝ።»

 አሸብር ጎንበስ አለና ከበርበሬዬ አንድ እፍኝ ዘግኖ በጣቶቹ አሸው፣ አሸተተው።

«ይሄ አልደረቀም እትዬ» አለኝ። «የሰው ሞተር አላቃጥልበትም። ይዘውት ይመለሱና ነገ ፀሐይ ይምታው። ሰኞ እዚያው እርስዎ ወፍጮ ላይ መጥቼ እፈጨዋለሁ።»

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በርበሬውን አስጥቼው፣ እሱን ስጠብቅ ነው ይህን የምጽፍልህ። ነገ ሰኞ ነው።

አክስትህ ውባንቺ